በኢንዶኔዥያ ገጠር መኖር፣ መሬት መያዝና እንግዳ መቀበል፦ ምን ይቅደም?

በኢንዶኔዥያ ገጠር መኖሪያ የሚፈልግ የውጭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬቱ ይጀምራል። የሩዝ እርከኑን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ በዚያው ቀን ቀብድ ይከፍላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ከጎረቤት መተዋወቅ፣ ቀጥሎ መከራየት፣ ቢያንስ አንድ የዝናብና አንድ የደረቅ ወቅት ማሳለፍ፣ ስለ መሬት መነጋገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ገንዘቡን የሚበላበት በሕግ ፊት የማይቆም ውል፣ በነሐሴ የሚደርቅ ጉድጓድ ወይም ቤት እንዳይሠራበት የተከለከለ የሩዝ ማሳ ነው።

ከመድረስዎ ወደ ኤርቴ

ገጠር ያለ መንደር ዴሳ ይባላል። ዴሳው በንዑስ መንደሮች፣ እነሱም ኤርዌ እና ኤርቴ በሚባሉ የጎረቤት ክፍሎች ይከፈላሉ። የኤርቴው ሰብሳቢ ጎረቤቶቹ ከመካከላቸው የመረጡት ነዋሪ ነው፤ ሱቅ ወይም እርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ቢሮው የቤቱ በረንዳ ነው። በመንደሩ የሚያድር እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእሱ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። በብዙ መንደሮች መግቢያ ላይ ይኸው በሰሌዳ ተጽፎ ይታያል።

የፓስፖርትዎንና የቪዛዎን ቅጂ ይያዙ፤ ያረፉበትን ቤት ባለቤት ስምና የሚቆዩበትን ቀን ይንገሩት። የሚቻል ከሆነ አከራይዎ አብሮዎት ይሂድ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከሄዱ ሰውየውን ቤቱ ያገኙታል፤ በሶላቱ ሰዓት ግን በር አያንኳኩ። ወንዱን «ፓክ»፣ ሴቷን «ቡ» ብለው ይጥሩ፣ ጫማዎን ደጃፍ ላይ ያውልቁ፣ የሚሰጡትንም ሆነ የሚቀበሉትን በቀኝ እጅ ያድርጉ። ሻይ ሲቀርብልዎ «ጠጡ» እስኪባል ይጠብቁ፤ ከተባለ በኋላ ግን ሳይቀምሱ መነሳት ቅር ያሰኛል።

ከሆቴል ወይም ከእንግዳ ማረፊያ ካረፉ፣ የውጭ እንግዳን ለኢሚግሬሽን በኢንተርኔት የሚያስታውቀው ባለቤቱ ነው። ችግር የሚነሳው በወዳጅ ቤት ሲያድሩ ነው። ሳይነገረው የከረመ ሰብሳቢ አንድ ነገር ቢጠፋ ወይም ጠብ ቢነሳ ስለ እርስዎ ለመመስከር ምንም አይኖረውም።

የሰፈሩ ግዴታ

ወር በወር የሚከፈል መዋጮ አለ፤ ለቆሻሻ፣ ለመንገድ መብራት፣ ለለቅሶ የሚውል። ከእድር ጋር ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ከመዋጮው በላይ የሚቆጠረው ግን መገኘት ነው፦ ቦይ ሲጠረግና መንገድ ሲጠገን ለሚደረገው የእሁድ ጠዋት የጋራ ሥራ መውጣት፣ ሰው ሲሞት በዚያው ቀን መድረስ፣ ለሠርግ ሲጠሩ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ መሄድ። ጎረቤት ድግስ አድርጎ ምግብ ከላከልዎ ሳህኑን ባዶውን አይመልሱ።

በጃቫ ብዙ መንደሮች በየቤቱ በር አጠገብ ትንሽ ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ኩባያ በሚስማር ተንጠልጥሎ ያያሉ። ባለቤቱ ሲመሽ አንድ እፍኝ ሩዝ ወይም የ500 ሩፒያ ሳንቲም ይጥልበታል። ሌሊት ሮንዳ (የሰፈር ጥበቃ) የወጡት ጎረቤቶች እየዞሩ ይሰበስቡትና ለሰፈሩ ካዝና ያስገቡታል። ይህ ልማድ ጂምፒታን ይባላል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ሌላ ነው። ጣሳውን ለማንሳት ጠባቂው እያንዳንዱ በር ድረስ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ ሳይቆለፍ የተረሳ በር፣ የጋዝ ሽታ፣ ወይም ሁለት ሌሊት ጣሳዋ ባዶ የሆነ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሳይታዩ አይቀሩም። ስለዚህ ከቤት ለቀናት ሲርቁ ለኤርቴው ይንገሩና ጣሳውን ለጎረቤት አደራ ይስጡ። የሮንዳ ተራ ከደረሰብዎም ቢቻል ይውጡ፤ ካልቻሉ ቡናና መክሰስ መላክ የተለመደ ነው።

በጥበቃ ጎጆው ላይ የተሰቀለው ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት የተፈለፈለው መምቻ ከንቶንጋን ነው። ፈጣንና የማያቋርጥ ምት አደጋ ማለት ነው፤ ለሞት፣ ለሌባ፣ ለእሳትና ለጎርፍ የሚመታው ግን ከመንደር መንደር ስለሚለያይ የሰፈርዎን ምት በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቀው ይያዙ።

ከመግዛት በፊት መከራየት

የገጠር ቤት የሚከራየው በአብዛኛው በዓመት ነው፣ ክፍያውም በቅድሚያ ነው። ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። ከ5 ሚሊዮን ሩፒያ በላይ በሆነ ሰነድ ላይ የ10,000 ሩፒያ ቴምብር ይለጠፋል፤ ፊርማው ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይፈረማል። የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ማን እንደሚጠግን በውሉ ይግባ።

ቤት ለማየት ጥሩው ጊዜ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው። በጃቫና በባሊ ዝናቡ የሚበረታው ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ነው። የግድግዳው ግርጌ ላይ የጭቃ መስመር ካለ ውሃ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው፤ አዲስ ቀለም ግርጌ ብቻ ተቀብቶ ካዩም ይጠይቁ። ጉድጓዱን ግን በደረቁ ወቅት መጨረሻ፣ በመስከረም አካባቢ፣ ማየት ያስፈልጋል። በዮግያካርታ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በጉኑንግኪዱል የኖራ ድንጋይ ምድር ቤተሰቦች በደረቅ ወቅት ውሃ በቦቴ የሚገዙበት ጊዜ አለ። ከጉድጓዱ እስከ ሰፕቲክ ታንኩ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከ10 ሜትር ማነስ የለበትም። የጎረቤትን ሰፕቲክ ታንክም አብረው ይቁጠሩ። የርስዎ ርቆ የእሱ ከጉድጓድዎ 4 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል።

የመብራት ቆጣሪው ላይ 450፣ 900፣ 1,300 ወይም 2,200 ቪኤ (ቤቱ በአንዴ ሊስበው የሚችለው ኃይል ልክ) የሚል ቁጥር ይፈልጉ። በ450 ላይ የሩዝ ማብሰያና የውሃ ፓምፕ አንድ ላይ ከተነሱ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ፓምፕ ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው ኃይል ላዩ ላይ ከተጻፈው ይበልጣልና። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ በሱቅ ወይም በስልክ ገዝተው 20 አኃዝ ያለው ቁጥር ያስገባሉ። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ሲቀየር የማጣበቂያው ጎማ ካረጀ ስለሚያፈስ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ ሲሊንደሩን ዝግ ቁም ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡ።

መሬት

እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። በ1960 (እ.ኤ.አ.) በወጣው መሠረታዊ የመሬት ሕግ መሠረት ሙሉ ባለቤትነት፣ ማለትም ሃክ ሚሊክ፣ የኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ ነው። የውጭ ሰው በሕጋዊ መንገድ ሊይዝ የሚችለው ኪራይ፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ሃክ ፓካይ የተባለ የመጠቀም መብት ነው። በ2021 በወጣው ደንብ ሃክ ፓካይ ለ30 ዓመት ይሰጣል፣ በ20 ይራዘማል፣ በ30 ይታደሳል። በየክልሉም የውጭ ሰው ሊገዛው ለሚችለው ቤት ዝቅተኛ ዋጋ ስለተቀመጠ ርካሽ የገጠር ቤት በዚህ መንገድ አይገኝም። የውጭ ኩባንያ አቋቁሞ የመገንባት መብት መያዝም ይቻላል፤ ግን ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ስለሚጠይቅ ለአንድ ጎጆ አይሆንም።

ደላላ የሚያቀርብልዎት አቋራጭ አለ፦ መሬቱ በአንድ ዜጋ ስም ይገዛ፣ እርስዎ ደግሞ በጎን ውል «እውነተኛው ባለቤት» ይሁኑ። አያድርጉት። ሕጉ ባለቤትነትን በተዘዋዋሪ ለውጭ ሰው የሚያስተላልፍ ማንኛውንም ተግባር ፈራሽ ያደርጋል፤ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። ባለ ስሙ ቢሞት ወራሾቹ፣ ቢፋታ ሚስቱ፣ ቢበደር ባንኩ ይመጣል፤ የጎን ውሉን ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ጥሰቱን በራስ እጅ ማስመዝገብ ነው።

ኢንዶኔዥያዊ ወይም ኢንዶኔዥያዊት ላገባ ሰው ደግሞ ዋናው ሰነድ የንብረት መለያያ የጋብቻ ውል ነው። ውሉ ከሌለ በጋብቻ ውስጥ የተገዛው መሬት የጋራ ይሆናል፣ የውጭ ዜጋው ድርሻ ደግሞ ከሃክ ሚሊክ ጋር አብሮ አይሄድም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ69/2015 መዝገብ በሰጠው ውሳኔ ውሉ ከጋብቻ በኋላም ሊፈረም ይችላል። የውጭ ዜጋ ሃክ ሚሊክ በውርስ ቢደርሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተላለፍ አለበት።

ግዢው በዜጋ የትዳር ጓደኛ ስም የሚፈጸም ከሆነ ሂደቱ እንዲህ ነው። ሻጩ ዋናውን የይዞታ ማረጋገጫ፣ ሰርቲፊካቱን፣ ያሳይ። ጊሪክ፣ ፔቶክ ወይም ሌተር ሴ የሚባሉት አሮጌ ወረቀቶች የግብር መዝገብ ናቸው፤ የ2021ዱ ደንብ እንዲመዘገቡ 5 ዓመት ሰጥቷቸው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ለምዝገባ ፍንጭ ከመሆን አያልፉም። ዓመታዊ የመሬት ግብር ደረሰኝም ባለቤትነትን አያረጋግጥም፤ የ5 ዓመቱን መጠየቅ የሚጠቅመው ውዝፍ ዕዳ እንደሌለ ለማወቅ ነው። ቀጥሎ ፔፔአቴ የተባለው የመሬት ውል ሹም ሰርቲፊካቱን በአውራጃው የመሬት ጽሕፈት ቤት ያስፈትሽ፤ ዕዳ፣ እገዳ ወይም ክርክር ካለበት እዚያ ይወጣል። የመሬት ሚኒስቴሩ «ሰንቱህ ታናህኩ» የተሰኘ የስልክ መተግበሪያ ቦታው ካርታ ላይ የት እንዳረፈ ያሳያል።

ወሰኑን ግን በእግር ይዙሩት፣ አራቱንም አዋሳኝ ጎረቤቶች ጠርተው። የወሰን ድንጋዩ ቦታ፣ የመስኖ ቦዩ መተላለፊያ፣ ጎረቤት ወደ ማሳው የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ፦ ጠቡ የሚነሳው ከነዚህ ነው። ቦታው የውርስ ከሆነ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፤ ካሊማንታን ወይም ጃካርታ ያለው ወንድም «ይስማማል» የሚለውን ቃል አይቀበሉ። ከዚያ የአውራጃውን የቦታ አጠቃቀም ፕላን ይጠይቁ። ለምግብ ሰብል የተከለለ የሩዝ ማሳ በ2009 ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ የግንባታ ፈቃድ አያገኝም፤ ርካሽ ሆኖ የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ውሉ በሹሙ ፊት ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይፈረማል፣ እሱም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ማስገባት አለበት። ሻጩ 2.5 በመቶ፣ ገዢው 5 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ የገዢው የሚሰላው ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ ተቀንሶ ነው። ለምሳሌ ዋጋው 300 ሚሊዮን፣ የአካባቢው መነሻ 80 ሚሊዮን ቢሆን ገዢው 11 ሚሊዮን፣ ሻጩ 7.5 ሚሊዮን ይከፍላሉ። የሹሙ ክፍያ ከዋጋው 1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ግብር ለመቀነስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲጻፍ ከተጠየቁ እምቢ ይበሉ።

አንዳንድ መሬት ደግሞ ጨርሶ አይሸጥም። የመንደሩ የጋራ መሬት፣ በባሊ የባህላዊው መንደር ይዞታ፣ በምዕራብ ሱማትራ በሚናንግካባው ሕዝብ ዘንድ በእናት ወገን የሚወረሰው የዘር መሬት እንዲህ ናቸው። በሚናንግካባው የሻጯ ፊርማ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የወገኑ አጎቶች ካልተስማሙ ግዢው ከዓመታት በኋላም ይፈርሳል።

ቤቱ በመሬት መንቀጥቀጥ እንዳይገድል

በግንቦት 2006 በዮግያካርታ ከ5,700 በላይ ሰው የሞተበት፣ በኅዳር 2022 በቺያንጁር መጠኑ 5.6 ብቻ የሆነ መንቀጥቀጥ ከ600 በላይ ሰው የገደለበት ዋና ምክንያት ያለ ብረት የተደረደረ ጡብ ነው። የገጠር ግንበኛ ጡብ መደርደር ያውቃል፤ ወጪ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው ብረቱ ነው። ስለዚህ አርማታው ከመሞላቱ በፊት በዓይንዎ ይዩ።

ለባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት በአገሩ የሚሠራበት መመሪያ ይህ ነው። ከድንጋይ መሠረቱ በላይ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢም፣ በየማዕዘኑና ቢበዛ በየ3 ሜትሩ 15 በ15 ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ ከግድግዳው አናት ደግሞ ዙሪያውን የሚያስር 12 በ15 ቢም። በእያንዳንዱ ውስጥ አራት የ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ብረት፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ የ8 ሚሊ ሜትር ስታፋ (ፌሮዎቹን ከብቦ የሚያስር የብረት ቀለበት)። የስታፋው ጫፍ በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ታጥፎ 5 ሳንቲ ሜትር ጅራት ይኑረው፤ በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይከፈትና ፌሮው ይለቀቃል። የቢም ፌሮ ማዕዘን ላይ ተቆርጦ መቅረት የለበትም፣ ታጥፎ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ሌላኛው ቢም ይግባ። ድብልቁ 1 ባልዲ ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር፣ ግማሽ ባልዲ ውሃ ነው። ሠራተኛ ለመሙላት እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፤ የአርማታው ጥንካሬ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ጡቡና ኮለኑ እንዲያያዙ በየ6 ረድፉ የ10 ሚሊ ሜትር ብረት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው ይግባ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ሦስት ማዕዘን ግድግዳ በጡብ አይገንቡ፤ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። በእንጨት ወይም በቀላል ሰሌዳ ይዝጉት። የግንባታ ፈቃዱ ከ2021 ወዲህ ፔቤጌ ይባላል።

እሳተ ገሞራ፣ ሱናሚ፣ ጎርፍ

እሳተ ገሞራዎች አራት ደረጃ አላቸው፦ ኖርማል፣ ዋስፓዳ፣ ሲያጋ፣ አዋስ። በየዕለቱ «ማግማ ኢንዶኔዥያ» በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይታያሉ፤ ከእሳተ ገሞራው አፍ ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ መግባት እንደተከለከለም ያሳያል። ወደ ተራራው ከመውጣትዎ በፊት አስጎብኚው ቢያበረታታዎትም ይህን ይመልከቱ። ደረጃው ዝቅ ቢልም እንኳ ዝናብ አመዱን ጠርጎ በወንዝ ሸለቆ የሚያወርደው ላሃር የሚባል የጭቃ ጎርፍ ይመጣል፤ እርስዎ ጋ ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ሊዘንብ ስለሚችል በሸለቆው አሸዋ ላይ አይሂዱ። ጣሪያ ላይ የተከማቸ አመድ ዝናብ ሳይመታው ይውረድ፤ ከራሰ ክብደቱ ጣሪያ ይሰብራል።

ለባሕር ዳርቻ መንደር የአገሩ የአደጋ ሠራተኞች የሚያስተምሩት ደንብ 20-20-20 ነው፦ መንቀጥቀጡ 20 ሰከንድ ከቆየ፣ ከተራራ ለመድረስ ያለው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፣ ቦታው 20 ሜትር ከፍታ ይኑረው። የስልክ ማስጠንቀቂያ አይጠብቁ። በ2004ቱ ሱናሚ ለመንቀጥቀጡ ማዕከል ቅርብ በሆነችው በሲሙሉዌ ደሴት የሞተው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሕዝቡ በ1907 ከደረሰው ጥፋት የተማረውን «ስሞንግ» ብሎ ለልጅ ልጅ ሲያወርስ ስለኖረ ምድር ሲንቀጠቀጥ ወዲያው ወደ ኮረብታ ወጣ። ካረፉበት ቤት እስከ ኮረብታው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በመጀመሪያው ቀን ይሂዱና ይወቁት፤ በሞተር ብስክሌት አይለኩት፣ መንገዱ ይዘጋልና። ለፖሊስ 110፣ ለአምቡላንስ 119፣ ለነፍስ አድን 115 ይደውሉ።

ጤና

ከሁሉ የሚያሳስበው ደንጊ ትኩሳት ነው፣ ትንኙም ቀን ይነክሳል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለው የግንብ ገንዳ ዋናው መራቢያው ነው። በሳምንት አንዴ ውሃውን አፍስሰው ግድግዳውን በብሩሽ ይሹ፤ እንቁላሉ ከውሃው መስመር ላይ ስለሚጣበቅ ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። ወባ በፓፑዋና በምሥራቅ ኑሳ ቴንጋራ ስላለ ወደዚያ ከሄዱ አጎበርና መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋል። በባሊና በፍሎረስ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ከተነከሱ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥበው በዚያው ቀን ፑስከስማስ ወደሚባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ለክትባት ይሂዱ። ሞተር ብስክሌት ከመከራየትዎ በፊት ለሞተር የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ መያዝዎን ያረጋግጡ፤ ያለዚያ የጉዞ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

እንግዳ ሆኖ መሄድ፣ እንግዳ መቀበል

ብዙ መንደሮች ዴሳ ዊሳታ፣ የቱሪዝም መንደር፣ ሆነዋል። የጉኑንግኪዱሏ ንግላንግገራን በ2021፣ የባሊዋ ፐንግሊፑራን በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ መንደሮች ተቆጥረዋል። በፍሎረስ ተራሮች ያለችው ዋኤ ረቦ በሾጣጣ የሳር ቤቶቿ ትታወቃለች፤ ከደንጌ ተነስቶ በእግር ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ዋናው ቤት ገብተው ሽማግሌው በአባቶች ስም ይቀበልዎታል፤ ፎቶ ከዚያ በኋላ ነው። በጃቫ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በባንተን፣ ባሉት ጥንታዊ ልማዳቸውን በጠበቁት የባዱይ ሰዎች ዘንድ የውጭ ዜጋ ወደ ውስጠኞቹ ሦስት መንደሮች አይገባም፣ በካዋሉ የጾም ወራትም ጎብኚ አይቀበሉም፤ ይህን በገንዘብ እናልፋለን የሚል አስጎብኚ ከገጠመዎ ይተዉት። በባሊ ቤተ መቅደስ ሳሮንግና መታጠቂያ ያስፈልጋል። መሬት ላይ የተቀመጠውን የአበባ መሥዋዕት አይርገጡ።

ባለቤቶቹ ሆነው እንግዳ የሚቀበሉ ከሆነ፣ በመንደር ውስጥ ያለ አነስተኛ ማረፊያ የዜጎች ሥራ ስለሆነ ፈቃዱ በዜጋው የትዳር ጓደኛ ስም ይውጣ። የንግድ መለያ ቁጥሩ በመንግሥት የኢንተርኔት ሥርዓት በኩል ይገኛል። ከፖክዳርዊስ፣ ከመንደሩ የቱሪዝም ቡድን፣ ጋር ሳይነጋገሩ ዋጋ አያውጡ፤ አብዛኛው መንደር እንግዳን በተራ ያከፋፍላል፣ ዋጋ ሰብሮ የሚገባ ሰው የጎረቤቱን ተራ ይወስዳል። ለክፍሉ ከጌጥ ይልቅ ጠንካራ ፍራሽ፣ ቀዳዳ የሌለው አጎበር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ሌሊት የሚበራ የመጸዳጃ መብራትና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ይቅደም። ጎሕ ሲቀድ ከመስጊድ አዛን እንደሚሰማ፣ መጸዳጃው ቁጢጥ የሚሉበት እንደሆነ፣ ሞቅ ያለ ውሃ እንደሌለ ቦታ ሲያስይዙ አስቀድመው ይጻፉላቸው። ቅሬታ የሚመጣው ካልተነገረው ነገር ነው። ከበሩ ጀርባ ደግሞ የመልቀቂያ መንገዱን፣ መሰብሰቢያ ሜዳውንና የኤርቴውን ስልክ የያዘ አንድ ወረቀት ይለጥፉ፤ እንግዳው ሲገባ በጣትዎ እያሳዩ ያስረዱት።